የተዝረከረከ ዝርዝር ለማጽዳት የቱ ይሻላል? ኤክሴል፣ ሊብረኦፊስ ወይስ ጉግል ሺትስ

ከዚራ ወዳለችው ትንሽ ቢሮዬ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ፍላሹ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከድሮ የሽያጭ ፕሮግራም የወጣ የጽሑፍ ፋይል። በየገጹ የሱቁ ስም ይደጋገማል። በመሀል ሰረዝ ብቻ የተደረደረበት መስመር አለ። በስምና በአባት ስም መካከል ሦስት አራት ክፍት ቦታ ተተውቷል። ባለቤቱ ወር በገባ ቁጥር በድሬ ሙቀት ቁጭ ብሎ ይህን በእጁ ይለቅማል። ከዚያ ይታክተውና "ማክሮ ያለው ኤክሴል ልግዛ?" ይለኛል፤ ማክሮ ማለት ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ፋይሉን አሳየኝ እላለሁ።

ዋናው ጥያቄ ፋይሉ ውስጥ የአማርኛ ፊደል አለ ወይ የሚለው ነው።

የኤክሴል ማክሮ የሚጻፍበት ቪቢኤ የሚባለው ቋንቋ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አብሮት አለ። አቅሙ ትልቅ ነው። አንድ ፎልደር ሙሉ ፋይል በአንድ በተን አጽድቶ ያስረክባችኋል። ግን የግዕዝ ፊደል ላይ ይደናበራል። ኮዱ ውስጥ "ሐ" ብላችሁ ብትጽፉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። የተለመደው ፋይል መክፈቻ ትእዛዝም ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን፣ የአማርኛ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጥበትን አሠራር አያነብም፤ ስሞቹ ሁሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይመጣሉ። መፍትሔው ፊደሉን ኮምፒውተሩ በሚያውቀው ቁጥር መጥራት ነው፤ "ሀ" 4608 ነው፣ "ሐ" 4624። ፋይሉንም ዩቲኤፍ-8 በሚያውቅ ሌላ መንገድ መክፈት ያስፈልጋል።

ይህን ያወቀ ሰው ግን ከቪቢኤ ትልቅ ጥቅም ያገኛል። አንዱ ደንበኛ በ"ሐ" ሌላ ጊዜ በ"ሀ" ተመዝግቦ ሁለት ሰው መስሎ ይቀመጣል። ከ"ሀ" እስከ "ሆ" ያሉት ሰባቱም ከ"ሐ" ቤት በ16 ስለሚርቁ፣ ማክሮው 16 እየቀነሰ ሁሉንም አንድ ያደርጋቸዋል። "ሠ" እና "ሰ"፣ "ፀ" እና "ጸ"ም የራሳቸው ርቀት አላቸው። አደራ፣ ይህን በሌላ ዓምድ አድርጉት። ሰው ስሙን የጻፈበት ፊደል የራሱ ነውና ዋናው አይነካ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ኤክሴል ላይ ማክሮ የሠራውን በኮንትሮል ዜድ መመለስ አይቻልም፤ ቅጂ ሳትይዙ አትጫኑ። ከኢንተርኔት የወረደ ማክሮም ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ራሱ ያግደዋል። ሱቅ ውስጥ "አልሠራ አለ" ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ በዚህ ነው።

ማክሮ ፈልገው ከሚመጡት ብዙዎቹ ግን ማክሮ አያስፈልጋቸውም። ኤክሴል 2016 ከሚባለው ስሪት ጀምሮ አብሮ የሚመጣው፣ ፋይል አስገብቶ የሚያጸዳው ፓወር ኩዌሪ ይበቃቸዋል። ፋይሉን ስታስገቡ 65001 የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ትመርጣላችሁ፣ አማርኛው ንጹህ ሆኖ ይገባል። የማይፈለገውን መስመር አንዴ ታወጣላችሁ፣ ዓምዱን አንዴ ትከፍላላችሁ። በሚቀጥለው ወር አዲሱን ፋይል እዚያው ቦታ አስቀምጦ ሪፍሬሽ ማለት ብቻ ነው። ዋናው ፋይል አይነካም። ጉድለቱ፣ ከጫፍና ከጫፍ ያለውን ክፍት ቦታ እንጂ መሀል የተደራረበውን በራሱ አያጠፋም። የፊደል ምትኩንም አንድ በአንድ ማስገባት አለባችሁ። እኔ ለአንድ ሱቅ ብመርጥ ከዚህ እጀምራለሁ።

ኤክሴል ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ክራክ የተደረገ ፍለጋ ባይሄድ ደስ ይለኛል። በዚያ መንገድ የገባ ቫይረስ የአንድ ነጋዴን የዓመት ዝርዝር ሲበላ አይቻለሁ። ሊብረኦፊስ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የጽሑፍ ፋይል ስትከፍቱ ራሱ አስቀድሞ ይጠይቃችኋል፦ ፊደሉ ምን ዓይነት ነው፣ ዓምዱ በምን ይለያል፣ የትኛው ዓምድ ጽሑፍ ይሁን። ፈልጎ መተኪያው ላይ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ጽሑፍን በቅርጹ መፈለጊያ ዘዴ አለው፤ የተደራረበ ክፍት ቦታን በአንድ ትእዛዝ ያጠፋል። ማክሮ መቅጃው ግን ሲጫን ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ከቅንብሩ ገብታችሁ ክፈቱት። የኤክሴልን ማክሮ በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስኬድም።

ጉግል ሺትስ የሚመቸው ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ዝርዝር ላይ ሲሠራ ነው፤ አንዱ ድሬ፣ አንዱ ሐረር ሆኖ። የሺትስ ማክሮ የሚጻፍበት አፕስ ስክሪፕት ውስጥ አማርኛውን እንዳለ መጻፍ ይቻላል። ሥራው የሚካሄደው ጉግል ዘንድ ስለሆነ በሰዓት ካዘዛችሁት ቤታችሁ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። አንድ ሩጫ ግን ከ6 ደቂቃ አያልፍም፣ አንድ ፋይልም ከ10 ሚሊዮን ሴል በላይ አይዝም። ኔትወርኩ ለሚያስቸግራችሁ አልመክርም። የደንበኛ ስልክ ውጭ ማስቀመጥ የሚያሳስባችሁም ካላችሁ ይቅርባችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ትንሽ ፋይል አዘጋጁ። በ09 የሚጀምር ስልክ፣ 13 አሃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ፣ 05/13/2016 ተብሎ የተጻፈ የጳጉሜን ቀን፣ ደግሞ "ፀሐይ" የሚል ስም ይኑርበት። ዝም ብላችሁ ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ኤክሴል ላይ ብትከፍቱት ስልኩ ዜሮውን ያጣል፣ ሒሳቡ 1 ነጥብ ምናምን ኢ ሲደመር 12 ሆኖ ይታያል፣ ጳጉሜን 5 ደግሞ በአሜሪካ አቀማመጥ ሜይ 13 ይሆናል። ሻጩ ወይም ማክሮ ሠሪው ፊታችሁ ላይ እነዚህን አራቱን ሳይነኩ ያስገባላችሁ። ያኔ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ።