የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይስ ምርጥ ምድጃ?

እንደ እንጀራ ጋገራ ኃይል የሚበላ የቤት ሥራ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ጭስም አመድም የለውም። ግን እስኪግል ጊዜ ስለሚፈጅ ለሦስት እንጀራ ብሎ መለኮስ ኪሳራ ነው። የሰሞኑን በአንዴ ጋግሩ። ሊጡ ሊያልቅ ሲል ሶኬቱን ንቀሉት፤ የመጨረሻዋ እንጀራ በቀረው ሙቀት ትበስላለች። መብራት ከሄደ ግን አለቀ፣ ሊጡ እዚያው ይኮመጥጣል።

«ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከአሸዋና ከሲሚንቶ የሚሠራ የማገዶ ምድጃ ነው። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጭራሮም ይበቃዋል። ጭሱ ግን ጨርሶ አይጠፋም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥማ አይታሰብም።

እኔ መብራት ካለ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። ግቢ ያለው ሰው ሁለቱንም ቢይዝ አይከፋም፤ አመዱም ለጓሮ ጎመኑ ይሆነዋል።