«ዝናብ አይበግረውም» የተባለውን የጠመንጃ ልብስ ውስጡን ሳትገለብጡ አትግዙ

ለጠመንጃና ለስኮፕ (ለማነጣጠሪያ መነጽሩ) «ሙሉ የዝናብ መከላከያ» እየተባለ በአንድ ጥቅል የሚሸጠውን ዕቃ ያሰባችሁ አዳኞች ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉት። በጥቅሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዚፕ ያለው የጠመንጃ ልብስ፣ የሚለጠጥ የስኮፕ ሽፋን፣ ሁለት ሦስት የሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ከረጢትና አንዲት ጠርሙስ የጉም መከላከያ ፈሳሽ ይገኛል። ልብሱ ውሃ ቀስ እያለ ያስገባል፤ ያስገባውን ግን አያስወጣም። ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተራራ ሲወጣ የዋለ ጠመንጃ እንዲህ ባለ እርጥብ ልብስ ውስጥ ከሚያድር ራቁቱን ቢያድር ይሻለዋል።

ሻጩ ጨርቁ ላይ ውሃ አፍስሶ ጠብታው ተንከባሎ ሲወርድ ያሳያችኋል። ይህ የላይኛው ቅብ ሥራ ነው፤ በመታሸትና በቆሻሻ ይለቃል። ቁም ነገሩ ስፌቱ ጋ ነው። ልብሱን ገልብጡት፤ ስፌቱ ላይ በሙቀት የተለጠፈ ጥብጣብ ከሌለ መርፌው ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ የውሃ በር ነው። ተራ ዚፕም እንዲሁ። ገበሩ ወፍራም ሱፍ መሰል ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ውሃውን መጥጦ ብረቱ ላይ ያስተኛዋል። ለመፈተን ልብሱን በደረቅ ሶፍት ሞልታችሁ ዝጉትና ሻወር ሥር 20 ደቂቃ አስቀምጡት። ሶፍቱ መጀመሪያ የሚርሰው በማዕዘኖቹና በዚፑ ጫፍ አካባቢ ነው።

ሲሊካ ጄሉ ያደርቀዋል የሚለው ማባበያ በሒሳብ አይቆምም። ሲሊካ ጄል ቢበዛ የክብደቱን ሲሶ ያህል፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ ነው የሚይዘው። ባለ 5 ግራም ከረጢት 2 ግራም እንኳ አይሞላም፤ የራሰ ገበር ግን ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ሊሸከም ይችላል። ከረጢቱ ሳይታሸግ ከቆየ ደግሞ ከሱቅ ሳይወጣ ጠግቧል። ሲሊካ ጄል ቦታው የደረቀ ጠመንጃ የተቀመጠበት አየር የማያስገባ ሳጥን ነው። ሲጠግብ ቀለም የሚለውጠውን ዓይነት ምረጡ።

ስኮፑን በሚመለከት «ውሃ ይቋቋማል» የሚለውን ቃል እርሱትና የአይፒኤክስ (ውሃ የመቋቋም ደረጃ) ቁጥሩን ጠይቁ። አይፒኤክስ 4 ማለት የሚረጭ ውሃን ይቋቋማል ማለት ብቻ ነው፤ አይፒኤክስ 7 ግን 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትን ይመለከታል። «ናይትሮጅን የተሞላ» ማለት ደግሞ ውስጡ ያለው ጋዝ ደረቅ ስለሆነ መስታወቱ ከውስጥ ጉም አይለብስም ማለት ነው። የጎማ ቀለበቶቹ ካላሸጉ ናይትሮጅኑ ይወጣል፣ እርጥብ አየር ይተካል። ውሃ ውስጥ መግባት እንደሚችል በጽሑፍ የተረጋገጠ ስኮፕ ከሆነ ከጠመንጃው ፈታችሁ፣ የማስተካከያዎቹን ክዳን አውልቃችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ያዙት። ውስጡ ያለው ጋዝ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀዳዳ ካለ አረፋ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚታዩት ጥቂት አረፋዎች ውጪው ላይ የተያዘ አየር ናቸው፤ ከአንድ ቦታ ተከታትሎ የሚወጣ አረፋ ግን ስኮፑን ወደ ሻጩ ያስመልሳል። የጉም መከላከያ ፈሳሹ የሚረዳው ከውጪ ብቻ ነው፤ ከውስጥ የገባውን ጉም ምንም አያደርገውም።

የሚለጠጠው የስኮፕ ሽፋን እንኳ ሲጓዙ ከጭረትና ከአቧራ ይከላከላል፣ አይናቅም። እርጥብ ሆኖ ማደር ግን የለበትም።

ብዙ ጠመንጃ የሚዝገው ዝናብ ላይ ሳይሆን ድንኳን ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ብረት ሞቅ ያለና በትንፋሽ የረጠበ አየር ሲያገኘው ያልበዋል፤ ላቡ ማቀባበያው (ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት) ውስጥና ስኮፑ መስታወት ላይ ይቀመጣል፣ ጠዋት ብርድ ሲያገኘው በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ስለዚህ ጥይቱ የወጣለት ጠመንጃ ከእናንተ ቁጥጥር ሳይርቅ ከዝናብ በተጠለለ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ወደ ሙቀት መግባቱ ግድ ከሆነ ውጪ እያለ ጠርጋችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት ዝጉት፤ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋ ከሆነ ቢያንስ 3 ጊዜ እጠፉት። ብረቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ፣ ማለትም ለተወሰኑ ሰዓታት፣ አትክፈቱት። ላቡ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ሙቀቱን ከያዘ በኋላ ግን እንደታሸገ አይቆይ።

ለብርድ አገር ወፍራም ዘይት ወይም ግሪስ አብሮ የሚያቀርብ ሻጭ ካለ እሱንም ተዉት። ግሪስ በብርድ ይረጋል፤ ጥይቱን የሚመታው የጠመንጃው መርፌ ዝግ ብሎ ስለሚመታ ጥይቱ ሳይተኮስ ሊቀር ይችላል። ማቀባበያውን ከአሮጌ ቅባት አጽድታችሁ ለብርድ የተሠራ ቀጭን ዘይት በስሱ መቀባት ይበቃል።

በጥቅሉ ውስጥ የማይገኘው ደግሞ ከሁሉም የሚረክሰው ነው፦ አፈሙዙ አፍ ላይ የሚለጠፍ አንድ ድርብ የኤሌክትሪክ ናስትሮ። ሲተኮስ አረሩ ከመድረሱ በፊት የሚገፋው አየር ናስትሮውን ይከፍተዋል። ጨርቅ ወይም ቡሽ ግን በፍጹም አትወትፉ። የጠመንጃው ቱቦ ውስጥ ውሃ፣ በረዶ ወይም ጭቃ ካለ ሲተኮስ ግፊቱ ቱቦውን ሊያሳብጠው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። ከወደቃችሁ ወይም ጠመንጃው በረዶ ከነካ ጥይቱን አውጡ፣ ማቀባበያውን አውልቁ፣ ናስትሮውን ንቀሉና ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን እዩ።

ልብሱን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ማሸጊያውን ሳትጥሉ የሶፍቱን ፈተና በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ጨርሱ። «ውሃ አያስገባም» የሚለውን ማስታወቂያም ሻጩ ቃሉን ሳይለውጥ ፎቶ አንሱት፤ የራሰው ሶፍት ያለበት ፎቶ ከዚያ አጠገብ ሲቀርብ ክርክሩ ያጥራል።