ጋዝ የተገጠመለት አሮጌ መኪናና ኢንሹራንሱ፦ ከዓመት በላይ ከያዝኩት በኋላ

ሰው ስለ መኪናዬ ሲጠይቀኝ ሁሌም ስለ ጋዙ ነው። «አይፈነዳም?» «ጉልበት አይቀንስም?» «ስንት ይበላል?» ስለ ኢንሹራንሱ የሚጠይቅ የለም። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ያደከመኝ እሱ ነው። በኋላ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝም እሱ ነው።

የጋዙን ቶሎ ላውራና ልገላገል። መኪናው ሃያ ዓመት ያለፈው የቤንዚን መኪና ነው። የተገጠመለት ጋዝ ኤልፒጂ የሚባለው ነው፣ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል። አንድ ሊትሩ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ያነሰ ኃይል ስላለው ከ20 እስከ 25 በመቶ ያህል የበለጠ ይጠጣል። ጋዙ ከቤንዚን በደንብ ካልረከሰ አያዋጣም ማለት ነው። ጠዋት በቤንዚን ይነሳል፣ የሞተሩ ውሃ ሲሞቅ ራሱ ወደ ጋዝ ይቀይራል። ዳገት ላይ ትንሽ ይለግማል። ታንኩ የትርፍ ጎማውን ቦታ ወስዷል፣ ይኼ እስካሁን ያናድደኛል። በቃ፣ የጋዙ ወሬ ይኸው ነው።

ኢንሹራንስ ፍለጋ ስወጣ የመጀመሪያው ድርጅት ንግግሬን አላስጨረሰኝም። «ጋዝ የተገጠመለት» ስል «አንወስድም» ተባልኩ። ሁለተኛው ሶስተኛ ወገን ብቻ እሸጥልሃለሁ አለ። ሶስተኛው ሙሉ ሽፋን እሰጣለሁ፣ ግን መጀመሪያ መሐንዲስ ይየው አለኝ። እሱን ያዝኩ።

እውነት ለመናገር እምቢ ያሉትንም እረዳቸዋለሁ። በደንቡ የተሰራ ታንክ ወፍራም ብረት ነው። ሲሞላ 80 በመቶ ላይ ራሱ ያቆማል፣ ጋዙ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲኖረው። ግፊቱ ወደ 27 ባር ሲደርስ ደግሞ የደህንነት ቫልቩ ይከፈትና ያስተነፍሳል። የሚያስፈራው ታንኩ ሳይሆን የገጠመው ሰው እጅ ነው። በደንብ ያልጠበቀች አንዲት መጋጠሚያ ብታፈስ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ በኖ አይሄድም። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ብልጭታ ይጠብቃል። መድን ሰጪው ደግሞ ማን እንደገጠመው አያውቅም።

ለዚህ ነው የመሐንዲሱን ምርመራ የወደድኩት። ሰውዬው ስለ መኪናው ቀለምና ጭረት አንድም ቃል አልተናገረም። ከኋላ ከፈተ፣ ምንጣፉን አነሳ፣ ተንበርክኮ ባትሪ አበራ። ታንኩ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ በአውራ ጣቱ ጠርጎ አነበበ፦ የተሰራበት ዓመት፣ መለያ ቁጥር፣ የመኪና ኤልፒጂ ዕቃዎችን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 67 ምልክት። ቁጥሩን ገጣሚው ጋራዥ ከሰጠኝ ሰርተፍኬት ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያየ። ከዚያ ኮፈኑን አስከፍቶ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባና አረፋ ይነፋ እንደሆነ ዝም ብሎ ጠበቀ። አልነፋም። «ቁጥሩ ባይገጥም ኖሮ ወንድሜ፣ ሳሙናውንም አላወጣውም ነበር» አለኝ።

ስለዚህ ለማስገጠም የምታስቡ ካላችሁ፣ ጋራዡን የምትመርጡት በዋጋው ሳይሆን በሚሰጣችሁ ወረቀት ይሁን። ሰርተፍኬት ከማህተም ጋር፣ የታንኩ ቁጥር፣ ደረሰኝ። የነዳጁ ዓይነት በመኪናው ሊብሬ ላይ መቀየር ካለበት ደግሞ አስቀይሩ። ሶስተኛ ወገን ብቻ የምትገቡ ብትሆኑም ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አሳውቁ። ሳይነገረው የተቀየረ ነገር ያገኘ ድርጅት ካሳ ላለመክፈል ጥሩ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ፦ ዋጋ። አሮጌ መኪና በገበያ ዋጋው ይገመታል። ለጋዝ ዕቃው ያወጣችሁት ገንዘብ እዚያ ግምት ውስጥ ራሱን ችሎ አይታይም። እኔ የጋዝ ዕቃው በውሉ ላይ ለብቻው፣ በራሱ ዋጋ እንዲጻፍ ጠየቅኩ። አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለው፣ ትንሽ ጨመረ፣ ብዙ አይደለም። አረቦን ለመቆጠብ መኪናውን አሳንሶ ማስገመትም አለ። እዚህ ላይ ውሉን አንብቡ። 100 የሚያወጣውን በ60 አስገብታችሁ የ10 ጉዳት ቢደርስ፣ የተመጣጣኝነት አንቀጽ ያለው ውል 6 ብቻ ይከፍላል። አጋንኖ ማስገመትም አይጠቅምም። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የሚከፈለው በዕለቱ ከሚያወጣው አይበልጥም፣ ትርፉን አረቦን በነጻ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ውሉ የተፈተነው አንድ መኪና ከኋላ ሲገጨኝ ነው። ከውጭ ሲታይ ቀላል ነገር ነበር፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ። ታንኩ ግን እዚያው ጀርባ ነው። ጉዳቱን ለማየት ከኢንሹራንሱ የመጣው ገማች «ታንኩ ሳይመረመር አይነዳም» አለ። የታንኩ ማሰሪያ ተጣሞ ነበርና ተቀየረ፣ ታንኩ ወርዶ በግፊት ተፈተነ። የጋዝ ዕቃው ለብቻው ስለተጻፈ ይኼን ሁሉ ያለ ክርክር ከፈሉ። እስከዚህ አምስት ኮከብ። ቀጥሎ ግን በአዲስ ዕቃ ላይ የእርጅና ተቀናሽ አወጡ፣ ከየጉዳቱ ባለቤቱ ራሱ የሚችለው መደበኛው ተቀናሽም አለ። ሁለቱ ተደምረው ኪሴ ተሰማው። ክፍያውም ተጓተተ። በየሳምንቱ ስደውል «ፊርማ ላይ ነው» ይሉኛል። ፊርማ ይህን ያህል የሚከብድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር!

የማይሸፍነውንም ልንገራችሁ። መበላሸትና ማለቅ በውሉ የሉም። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫቸው ለስላሳ ብረት ነው፣ በጋዝ ሲሰሩ ቶሎ ይበላል። እሱ ቢመጣ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። የጋዝ ፊልትሮና ካንዴላም እንደዚያው። የጥገና ደረሰኞቹን ግን አንድ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ገማቹ በአደጋው ጊዜ ጠይቆኛል።

የታንኩ ዕድሜም አለ። በብዙ አገር 10 ዓመት ሲሞላው እንደገና ይፈተናል ወይም ይቀየራል። ያገለገለ ታንክ በርካሽ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የሰሌዳዋን ዓመት እዩ፣ ኢንሹራንሱ ማየቱ አይቀርም።

ለማን ይሆናል? መኪናው ብዙ የሚነዳና ባለቤቱ ቢጠፋበት በቀላሉ የማይተካው ከሆነ ሙሉ ሽፋኑ ያዋጣል። ለቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚወጣ፣ ዋጋውም የወደቀ መኪና ከሆነ ሶስተኛ ወገን ይበቃዋል፣ ከእሳትና ስርቆት ጋር ካገኛችሁ ደግሞ ይሻላል። የእኔ ውል በቅርቡ ይታደሳል። የእርጅና ተቀናሹን እንዲያወርዱልኝ እከራከራለሁ። እምቢ ቢሉም አልለቃቸውም፣ ያንን መሐንዲስ ሌላ ቦታ አላገኘውም።