ፊቷን ለገደሉ የሰጠችው ቤቴ፦ ከ14 ወር በኋላ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ወረደ። ጠዋት የግቢው ሣር ነጥቷል፤ የባልዲው ውሃ ስስ በረዶ ለብሷል። ውጭ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ይላል፤ ሳሎን ያለው 14። እሳት አልነደደም፣ ማሞቂያም የለኝም። አርክቴክቱን ስወቅስ የከረምኩትን ሁሉ በዚያ ጠዋት ዋጥኩት።

ጠባችን በመስኮቱ ነበር። ቤቷ 70 ካሬ ሜትር ናት፤ ግድግዳዋ ከዚያው ከማሳው ዳር የተለቀመ ጥቁር ድንጋይ፣ ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር። እኔ ትልቁ መስኮት ወደ አስፋልቱ እንዲዞር ፈልጌ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው እንዲያይልኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? እሱ ግን ወደ ደቡብ፣ ወደ ገደሉ አዞረው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል እንደምትሄድ፣ በሰኔ ግን ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን እንደምታዘነብል በወረቀት ሲስልልኝ ብር ሊያስጨምረኝ መስሎኝ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ፀሐይዋ ገብታ መስኮቱ ሥር ያለውን የድንጋይ መደብ ስታሞቀው ትውላለች፤ ማታ መዳፌን ሳሳርፍበት ገና ለብ ይላል።

ደላላው እስከ ዛሬ "በብሎኬት ብትሠራው በአራት ወር ትገባ ነበር" ይለኛል። ወንድሜ፣ የብሎኬት ቤትህን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ተከራይቼ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ያደርኩበት ነው! እርግጥ ወጪው በልጦብኛል። ድንጋዩ ርካሽ ነው፣ ውዱ ግንበኛው ነው። ግድግዳው ምስማር አይቀበልም፤ አንድ ፎቶግራፍ ለመስቀል ሁለት የመሰርሰሪያ ጫፍ ሰብሬያለሁ። ወጥ ቤቱም ጠባብ ነው። ጣሪያውና ቧንቧው ይሠራሉ፣ ሌላ የምለው የለኝም።

እናቴ ከመንዝ መጥታ መጀመሪያ ስታያት "ይህን ሁሉ ብር አፍስሰህ የአያትህን ቤት ሠራህ?" ብላ ስቃብኝ ነበር። ጥር ላይ ለሦስት ቀን ብላ መጥታ ሦስት ሳምንት ሰነበተች። እንዝርቷን ይዛ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ ፀሐይዋ ፈቀቅ ባለች ቁጥር እሷም ፈቀቅ ትላለች። ለብርዱ ብላ ያመጣችው ባና እስክትሄድ ድረስ ሻንጣዋ ውስጥ እንደታጠፈ ቆየ።