ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል ላለችው ሲስተር ምስጋና ይድረስልኝ

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ይሄን ሳልጽፍ ባድር ግፍ ይሆንብኛል።

በ2014ቱ ጦርነት ታናሽ ወንድሜን አጣን። እማ ከዛ ወዲህ ሰው አልሆነችም፣ እንቅልፍ የለ ምግብ የለ፣ ደረቴን ያቃጥለኛል ራሴን ይፈልጠኛል ብቻ። ያልዞርንበት የለም፣ አንዱ ጋ ጨጓራ ነው አንዱ ጋ ነርቭ ነው፣ ደም ስጡ ሽንት ስጡ፣ ብሩም አለቀ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አንድ ቦታ (ስሙን አልጠራም) ስለ ልጇ ማውራት ስትጀምር ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት "እሱን ተይውና የሚያምሽን ንገሪኝ" ያላት ነው። የሚያማትኮ እሱ ነበር! ከዛ በኋላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በስንት ልመና ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ወሰድኳት፣ ሰው ያየኛል ብላ ሻርፗን እስከ አይኗ ስባ ነው የገባችው። ሲስተሯ (ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች) ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። እማ "አብጃለሁ እንዴ ልጄ?" ስትላት እጇን ይዛ "አብሽሪ እናቴ አላበድሽም፣ ልጅ ነው ያጣሽው። እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አይነት ልጅ ነበር?" አለቻት። ያ ረቢ! እናቴ ልጇን በስሙ ጠርታ ስታወራ የሰማሁት ያኔ ነው። አለቀሰች፣ አወራች፣ ደግማ አለቀሰች፣ ውጭ ወረፋው ሞልቶ እያለ ሲስተሯ አንዴም አላቋረጠቻትም።

ይሄ በንግግር የሚሰጣት ህክምና ሰፖርቲቭ ሳይኮቴራፒ ይባላል አሉኝ፣ ዝርዝሩን አላውቀውም። እኔ እንደገባኝ የድሮ ታሪክ መበርበር ሳይሆን ሰውየው ያለበትን እንዲችለው ማገዝ፣ የቀረውን ጉልበት ማበርታት ነው። መድሀኒትም አብሮ አላት። ሲስተሯ በየቀጠሮው ትንሽ ነገር ነው የምታዛት፣ ጠዋት ወጥተሽ ፀሀይ ሙቂ፣ ቀጥሎ ጎረቤት ጠርተሽ ቡና አፍይ። ሰላቷንና ዱዓዋንም ያዢው፣ የሚያበረታሽ እሱ ነው አለቻት። እኛንም ጠርታ "አታልቅሺ አትበሏት፣ ስሙንም አትደብቁባት" አለችን። ፎቶው አሁን ሳሎን ተሰቅሏል።

ሀዘኑ ጠፋ አልልም፣ እናት ናት። ግን ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ቡናውን ከአቦል እስከ በረካ አድርሳ ጎረቤቱን መርቃ ትሸኛለች፣ ይሄን አየዋለሁ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሲስተርዬ፣ እማ "ያቺ ልጄ" ነው የምትልሽ፣ ዱዓዋ ላይ ከኛ ጋር አለሽ። አላህ ይጨምርልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

እባካችሁ የሀይቅ፣ የኩታበር፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያ ልጆች፣ ከጦርነቱ ወዲህ ጨጓራ ነው እየተባለ ቤቱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ስንት እናትና አባት አለን። ፀበል የሚሄደውም ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርገውም ያስደርግ፣ ይሄን ግን ጨምሩበት። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ሳታፍሩ የአእምሮ ህክምና በሉ፣ ይመሯችኋል። ደግሞ አንዴ ሄዳችሁ እንዳትተዉት፣ እማም ለውጡ የመጣላት እየተመላለሰች ነው። አደራ፣ ቀጠሮ አታስቀሩ።