ኮስተሯ ጥላ ሥር፣ ዲሹ ፀሐይ ላይ

የሥራዬ ጠባይ ሆኖ የወሩን ግማሽ የማሳልፈው ከቤት ውጭ ነው። ከአንድ የመንገድ ቅየሳ ባልደረባዬና ከሾፌራችን ጋር የምናድረው ወንበሮቿ ተነቅለው በምትካቸው ሦስት ጠባብ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውኃ በርሜል በገባባት አሮጌ ኮስተር ውስጥ ሲሆን፣ መነሻችን ድሬዳዋ ሆኖ አንዱን ሳምንት በደንገጎ በኩል ወጥተን ወደ ሐረርና ባቢሌ፣ ሌላውን ደግሞ ቆላውን ይዘን ወደ ደወሌ አቅጣጫ እንጓዛለን። ማታ ማታ ዜናና ኳስ የምናይበት ነገር ቢኖረን ብለን ከሰባት ወር በፊት ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ካለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቴሌቪዥን ከነዲሹ ገዝተን እዚያው አስገጠምን። የምገመግመው ዕቃውንም ገጠማውንም ነው። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ የፈጸሙት ስሕተት ዕድሜውን ሙሉ የቤት ዲሽ ሲሰቅል የኖረ ማንኛውም ባለሙያ መኪና ሲመጣለት ሊፈጽመው የሚችለው ዓይነት ነውና።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ቴሌቪዥኑ ጥሩ ነው፣ ሪሲቨሩም አላሳፈረንም፤ ገጠማው ግን ሁለት ጊዜ ፈርሶ እንደገና መሠራት ነበረበት። ዛሬ እንደ አዲስ ብገዛ ኖሮ ትልቅ ስክሪን ለማግኘት የጨመርኩትን ብር በሙሉ ለማቆሚያው፣ ለገመዱና ለኤሌክትሪክ መስመሩ አውለው ነበር።

የገዛነው ባለ 24 ኢንችና በ12 ቮልት የሚሠራ ቴሌቪዥን፣ ወርኃዊ ክፍያ የማይጠይቅ ተራ ሪሲቨር፣ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲሽ ከነኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ቆሞ ሲግናሉን ከሚቀበለው ራስ ጋር)፣ አሥር ሜትር ገመድና የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚለውጥ አንድ ኢንቨርተር ነው። ሠራተኞቹ ዲሹን ከኮስተሯ ጣሪያ ላይ በሚታጠፍ ብረት አሰሩት። ሱቁ ፊት ለፊት ባለው ገላጣ ሥፍራ ላይ ሲሞከር ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ እኛም ተደስተን ሂሳባችንን ከፍለን ወጣን።

ችግሩ የታወቀን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ነው። ድሬዳዋንና ከእርሷ በታች ያለውን ቆላ የሚያውቅ ሰው ከቀትር በኋላ መኪናውን የት እንደሚያቆም አይጠየቅም፤ ዛፍ ይፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ የዋለ የኮስተር ቆርቆሮ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ስለማይበርድ፣ ጥላ ማግኘት ምቾት ሳይሆን እንቅልፍ የማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነው። ዲሹ ደግሞ ጣሪያው ላይ ስለተሰፋ አብሮን ጥላ ሥር ገባ። ቅጠል የበዛበት ቅርንጫፍ ከላዩ ሲሆን ሪሲቨሩ «ሲግናል የለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። እኛ ጥላ ስንሻ ዲሹ የጠራ ሰማይ ይሻል፤ ሁለቱን ባንድ ጣሪያ ላይ ማስታረቅ አይቻልም።

ይህ ችግር በእኛ አካባቢ የከፋበትን ምክንያት ማወቅ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ድሮ አብዛኛው ሰው ይመለከት የነበረው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ያለውን ናይልሳት የተባለ ሳተላይት ነበር። ከድሬዳዋ ሲታይ ናይልሳት ያለው በምዕራብ በኩል፣ ከአድማስ 33 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ የዛፍ ቅርንጫፍ ከራስ በላይ ቢኖርም በጎን አሾልኮ ማየት ይቻል ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የአገራችን ቻናሎች ኢትዮሳት በሚል ስም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ዞሩ። ይህኛው ከድሬዳዋ 69 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ስላለ ከአናታችን ብዙም አይርቅም። ከከዚራ ወደ ሳቢያን ሲሄዱ የቤት ጣሪያዎችን ቀና ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ያለ አስረጂ ይረዳዋል፤ የዱሮዎቹ ዲሾች እንደ በር ቀጥ ብለው ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ፣ አዲሶቹ ወደ ምሥራቅና ደቡብ መሐል ዞረው በጀርባቸው ተጋድመዋል። በጀርባው ለተጋደመ ዲሽ ከላዩ ያለ ቅርንጫፍ ሁሉ ግድግዳ ነው።

መፍትሔው ከገዛ መጋዘናችን ተገኘ። ለቅየሳ መሣሪያ የምንገለገልበት፣ አንድ እግሩ ተሰንጥቆ ከሥራ የወጣ የእንጨት ትራይፖድ ነበረን። የተሰነጠቀውን በቆርቆሮ ካሳሰርን በኋላ ቀፊራ አጠገብ ያለ በያጅ የዲሹን አንገት የሚቀበል አጭር ቧንቧ ከራሱ ላይ በየደልን። የዋጋው ነገር ቢነሳ፣ ሱቁ ለጣሪያው ብረት ካስከፈለን ሩቡን እንኳ አይሞላም። ገመዱን በ20 ሜትር ለወጥነው። አሁን ኮስተሯ ዛፍ ሥር ትቆማለች፣ ዲሹ ከዛፉ ርቆ ፀሐይ ላይ ይተከላል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው የድሬ ነፋስ አንድ ጊዜ ገልብጦ ኤልኤንቢውን ስላጎበጠብን፣ ከትራይፖዱ መሐል ድንጋይ የሞላ ጆንያ እናንጠለጥላለን።

ዲሽ በየምሽቱ መልሶ ማስተካከል አሰልቺ ይመስላል፤ የእኛ ሾፌር ግን ዛሬ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅበትም። አንድ ነገር ስላስተዋልን ነው፤ ከባቢሌ እስከ ደወሌ ባለው መንገዳችን ሁሉ የሳተላይቱ ከፍታ ከአንድ ዲግሪ ያህል በላይ አይለዋወጥም። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ በደንብ ካስተካከልን በኋላ የከፍታውን ብሎን አጥብቀን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግንበት፤ ከዚያ ወዲህ አይነካም። በየሥፍራው የሚቀረው ትራይፖዱን በውኃ ልክ ማስተካከልና ዲሹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። አቅጣጫው ድሬዳዋ ላይ ከሰሜን ተነስቶ በምሥራቅ በኩል 122 ዲግሪ፣ ደወሌ ላይ 127 ዲግሪ አካባቢ ነው። የስልክ ኮምፓስ የሚጠቀም ሰው ከመኪናው ቢያንስ አሥር ርምጃ ርቆ ይለካ፤ የመኪናው ብረት መርፌውን ያሳስታል። ዲሹ ሲታይ 45 ዲግሪ ያህል ብቻ የተጋደመ መስሎ ቢታይም ሊያሳስት አይገባም፤ ይህ ዓይነቱ ዲሽ ኤልኤንቢው በጎኑ ወጣ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ፊቱ ከሚያመለክተው ይልቅ ወደ ላይ ይመለከታል። ኤልኤንቢው ራሱም በማቀፊያው ውስጥ በግልጽ ዘንበል ብሎ መዞር አለበት። የሱቁ ሠራተኛ ቀጥ አድርጎ አስሮት ስለነበር ግማሹ ቻናል ይመጣል፣ ግማሹ ይቀራል፤ እኛም ለሦስት ሳምንት ያህል ሪሲቨሩን ስንረግም ከረምን።

ይህ ሁሉ ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነበር። እንደ ብዙዎቹ የናፍጣ ኮስተሮች የእኛም የምትሠራው በ24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውላታል። ሠራተኛው 12 ቮልት ሲፈልግ አቋራጩን ያዘና ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ መስመር ጎትቶ ኢንቨርተሩን አሰረበት፤ ከኢንቨርተሩ በሚወጣው 220 ቮልት ላይ ደግሞ የቴሌቪዥኑን የግድግዳ ቻርጀር ሰካ። ማለትም 12 ቮልቱ 220 ሆነ፣ 220ው ተመልሶ 12 ሆነ፤ በሁለቱም መንገድ የሚባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ተቀየረ። ከዚህ የባሰው ግን አንዱ ባትሪ ሌሊት ሌሊት እየተበላ ሌላው ሳይነካ መክረሙ ነው፤ ቀን ሞተሩ ሲሞላቸው የተራበው ሳይጠግብ የጠገበው ከልኩ በላይ ይሞላል። በአምስተኛው ሳምንት ባቢሌ ላይ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሾፌራችን ቁልፉን ሲያዞር «ጠቅ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ኮስተር የሚያህል መኪና በሦስት ሰው አይገፋም፤ አንድ የከብት ጫኝ ኢሱዙ እስኪደርስልን ድረስ ሁለት ሰዓት ቆመን ቀረን። ሾፌራችን በጨዋ ሰውነቱ ምንም አልተናገረም፤ ቴሌቪዥኑን ግን በጋቢ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር ከተተውና ድሬዳዋ እስክንገባ አላወጣውም።

ትክክለኛው አሠራር ሁለተኛ ጊዜ ስናስገጥም የተደረገው ነው። ለመኖሪያው ክፍል ብቻ የሚያገለግል ራሱን የቻለ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ገባ፤ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ይሞላዋል፤ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ያለ ኢንቨርተር በቀጥታ ከእርሱ ይመገባሉ፣ በየመስመሩም ፊውዝ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚወስዱት 42 ዋት ያህል፣ ማለትም ሦስት ተኩል አምፔር ነው። በየምሽቱ አራት ሰዓት ብናይ 14 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ይህን ዓይነቱን ባትሪ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ሦስት ሌሊት ያለ ሥጋት እንቆያለን። ኢንቨርተሩ አሁን የሚያገለግለው ላፕቶፕ ለመሙላት ብቻ ነው።

«ኢንተርኔት እያለ ዲሽ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከተማ ውስጥ ልክ ነው። ድሬዳዋ በኔትወርክ የተጎዳች ከተማ አይደለችም፤ ሳፋሪኮም እንኳ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የጀመረው እዚሁ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ከተማ ውስጥ ስናድር ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ዩቲዩብ በቴሌቪዥኑ እናያለን፤ ዲሹ ከመደርደሪያው አይወርድም። ሂሳቡ ግን መታሰብ አለበት። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት አንድ ጊጋ ባይት አካባቢ፣ ኤችዲ የሚባለው ከፍ ያለ ጥራት ደግሞ እስከ ሦስት ጊጋ ባይት ይበላል፤ ለሦስት ሰው የአራት ሰዓት ምሽት በዳታ ፓኬጅ መሸፈን ቀልድ አይደለም። ከደንገጎ ጠመዝማዛ በኋላና ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ ከአንዱ ትንሽ ከተማ እስከ ሌላው ባለው ርቀት ደግሞ ክቡ ምልክት ሲሽከረከር ከማየት በቀር ሌላ የምናየው የለም። የኮስተሯ ቆርቆሮ ራሱ ሲግናሉን ስለሚያዳክም ስልኩ መስኮት ላይ መቀመጥ አለበት፤ እዚያ ሲቀመጥ ደግሞ ፀሐይ ይመታውና ይግላል። እኔ የምመርጠው ከመውጣታችን በፊት በዋይፋይ አውርጄ መያዝን ነው። ለዜና ግን ዲሹን የሚተካ አላገኘሁም።

ከውጭ አገር የተሟላ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ካለ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የባልደረባዬ ወንድም ከአሜሪካ ሲመጣ ካራቫን የሚባሉት የመኖሪያ መኪኖች ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ የተገለበጠ ድስት የሚመስልና ሳተላይቱን በራሱ ሞተር የሚፈልግ ዲሽ በስጦታ ይዞልን መጣ። የዕቃው አሠራር ያስደንቃል፤ ለእኛ ግን አንዳች አይፈይድም። የተሠራው እንደ ዳይሬክቲቪ ያሉ የአሜሪካ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸውን ሳተላይቶች እንዲፈልግ ነው፤ እነዚያ የሚልኩት ሞገድ እየተጠማዘዘ የሚመጣ ሲሆን የእኛው ግን በቀጥታ መስመር የሚርገበገብ ስለሆነ ኤልኤንቢው በአግባቡ አይቀበለውም። ዲሹ በ24ቱ ቮልት ላይ በኮንቨርተር በኩል ሲሰካ ለሩብ ሰዓት ያህል እየዞረ የማያገኘውን ሳተላይት ሲፈልግ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ጸጥ አለ። አሁን ክዳኑ የሽንኩርት ማስቀመጫችን ሆኗል።

ለኳስ ወዳጆች ባጭሩ፦ ዲኤስቲቪ ያለው በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሆነ ለእርሱ ዲሹ እንደገና መዞር፣ ከፍታውም መለወጥ አለበት። በአንድ ምሽት ከዜናው ወደ ጨዋታው መዞር የሚፈልግ ሁለተኛ ዲሽ ይያዝ፤ እኛ ለትልቅ ጨዋታ ከተማ ገብተን ካፌ ውስጥ ማየቱን መርጠናል።

ስለ ሱቁ አገልግሎት ፍትሐዊ ልሁን። የመጀመሪያውን ገጠማ ስሕተት ይዘን ስንመለስ ባለ ሱቁ አልተከራከረም፤ የተጎዳውን ባትሪ ግማሽ ዋጋ ችሎ አዲሱን መስመር ያለ ተጨማሪ የጉልበት ክፍያ አሠርቶልናል። ቅር ያለኝ ደረሰኙ ላይ የዋስትና ጊዜ አለመጻፉና ሠራተኛው ከመጀመሩ በፊት «መኪናው ስንት ቮልት ነው? የት የት ታድራላችሁ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ቢጠየቁ ኖሮ ጣሪያው ባልተበሳም ነበር፤ የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በሲሊከን ብንደፍናቸውም ሐረር ላይ ዝናብ ሲበረታ በመካከለኛው አልጋ ላይ አሁንም ያንጠባጥባሉ። የገመዱም ነገር አላለቀም። ሐረር ከግንቡ ውጭ ስናድር ማታ ጅብ በአጠገቡ እያለፈ አንድም ቀን አልነካውም፤ ሐረማያ ላይ ግን ፍየል በላችው። ቀጣዩ ግዢያችን ገመዱን የምናሳልፍበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው።