ሐብሌን ከመጥቆር ያዳነው ከረጢት

ስለ ጌጥ ማስቀመጫ ከረጢት እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ይሄ ቡናማ ጨርቅ ግን ይገባዋል። የብር ሐብሌን ለወራት እዚያ ውስጥ ሳስቀምጥ ከረምኩ፤ ዛሬም ነጭ ነው። የሰንሰለቱ ቀለበቶች የሚነካኩበት፣ ጨርቅ ገብቶ የማይወለውለው ቦታ እንኳን አልጠቆረም። አብሮት የተገዛው ጉትቻ በካርቶን ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ነበር። እሱ መጀመሪያ ወየበ፣ ቀጥሎ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ መንጠቆው ጥቁር አለ። ሁለቱም ላይ 925 የሚል ማኅተም አለ። ልዩነቱ ማደሪያቸው ብቻ ነው።

925 ማለት ከሺህ እጅ 925ቱ ብር፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለ ድኝ አዘል ጋዝ ነው፤ እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። የከረጢቱ ጨርቅ ውስጥ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች አሉ። ጋዙ ሐብሉ ጋ ሳይደርስ እነሱ ይይዙታል። ለጌጡ ብለው እነሱ ይጠቁራሉ።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል? ማጽጃ ፈሳሹን ውሰጂ፣ ነከር አድርገሽ ማውጣት ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። አይ ወንድሜ! ጥቁሩ እኮ ከውጭ የመጣ ቆሻሻ አይደለም። ራሱ ብሩ ነው፣ ከድኝ ጋር ተዋህዶ። ፈሳሹ ጥቁሩን ሲያነሳ ከጌጤ ላይ ብር እያነሳ ነው። በአንድ ጊዜ አይታይም፤ በየጊዜው ሲነከር ግን ስስ ቅርጽ ይሳሳል። አንጥረኛው ቅርጹ ጎልቶ እንዲታይ ብሎ ጎድጓዳው ውስጥ የተወውን ጥቁረትም አብሮ ይጠርገዋል። ሉል ያለበት ጌጥማ ጭራሽ አይነከርም፤ ፈሳሹ አሲድ ስላለው ሉሉን ይበላዋል።

ጉትቻውን ወደ ነጭነቱ የመለስኩት በአልሙኒየም ፎይል፣ በቤኪንግ ሶዳና በሙቅ ውኃ ነው። ጌጡ ፎይሉን መንካት አለበት። ድኙ ብሩን ይለቃል፣ ብሩ እዚያው ይቀራል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ስላለው መስኮት ክፈቱ።

ከረጢቱ የጠቆረን አያነጻም፣ ይህን የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ንጹሑን ብሎም ደረቁን ነው የሚጠብቀው። ጌጡን በጎማ ማሰሪያ አስራችሁም አታስገቡ፤ ጎማ ራሱ ድኝ አለው። የኔ ቅሬታ አፉ ላይ ነው። በገመድ ስለሚታሰር በደንብ አይገጥምም፣ ሁልጊዜ አጥፌ ነው የማስቀምጠው። ለአምባሮቼ ሌላ ልገዛ ነው፣ ዚፕ ያለውን።